«21 ቀን ብቻ» የሚሉኝ ሰዎች

«ኮች፣ ዛሬ 22ኛ ቀኔ ነው። ለምንድነው እስካሁን መነሳት የሚያስጠላኝ?»

ሰዎችን ስፖርት ሳሠራ 11 ዓመቴ ነው። ዓመቱ በገባ በአራተኛው ሳምንት ይቺ ጥያቄ አትቀርም። «ማንኛውም ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የምትባለው ነገር ጨጓራዬን ትልጠዋለች።

ከየት መጣች? ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን እስኪለምዱት ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍም ጻፈው። ሰውየው የሚያወራው ስለተስተካከለ አፍንጫ ነው። ለዚያውም «ቢያንስ» ብሎ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር «ቢያንስ» መንገድ ላይ ቀረች፤ አፍንጫውም ሩጫ ሆነ።

ልማድን ራሱን የለካ ጥናት የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታተሉ። አንዱ ከምሳ ጋር ውሃ መጠጣት፣ ሌላው ከእራት በፊት 15 ደቂቃ መሮጥ መረጠ። ነገሩ ሳያስቡት የሚሠሩት እስኪሆን የሚፈጀው ጊዜ ሲሰላ፣ መካከለኛው 66 ቀን ሆነ። ፈጣኑ በ18 ቀን ለመደ፤ የዘገየው ግን በስሌት ግምት 254 ቀን ያስፈልገዋል ተባለ። ስፖርት የመረጡት ደግሞ ምግብና መጠጥ ከመረጡት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ጊዜ ወሰደባቸው። ስለዚህ እኔ ጋ መጥቶ 21 የሚቆጥር ሰው ገና ከጅምሩ ሒሳቡን ተሳስቷል።

አንዲት ሠልጣኝ ነበረችኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን አልቀረችም። በ23ኛው ቀን «ይቅርብኝ፣ እኔ በተፈጥሮዬ ሰነፍ ነኝ» ብላ ሄደች። አንድ ቀን ሳትቀር መጥታ ሰነፍ! ያባረራት ስንፍና አይደለም፣ ያቺ ቁጥር ናት።

ሌሎቹን የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

«ለራስ ቃል መግባት ከንቱ ነው፣ ማንም አይጸናም።» እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የጆን ኖርክሮስ ጥናት፣ በአዲስ ዓመት ቃል ከገቡት ውስጥ 46 በመቶው ከስድስት ወር በኋላም እየተሳካላቸው ነበር። ለውጡን እየፈለጉ ቃል ካልገቡት ግን 4 በመቶው ብቻ።

«በ1953 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁት፣ ግባቸውን የጻፉት 3 በመቶዎቹ ሌሎቹ በሙሉ ተደምረው ካላቸው በላይ ሀብታም ሆኑ።» እንዲህ ያለ ጥናት ጭራሽ አልተሠራም። መጻፍ አይጎዳም፣ ጻፉ። ተረቱን ግን ለኔ አታውሩልኝ።

«ሙዱ ሲመጣልኝ እጀምራለሁ።» አይመጣም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር መቼ፣ የትና እንዴት የሚለውን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል። «ዘንድሮ ስፖርት እሠራለሁ» ዕቅድ አይደለም። «ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስወጣ፣ ቤት ሳልገባ» ዕቅድ ነው። ጫማው ቦርሳ ውስጥ ከማታው ይግባ። ጠዋት ጫማ መፈለግ የጀመረ ሰው መቅረቱን ቁጠሩት።

ደግሞ ያቺ የ21 ቀን እህት አለች፦ «አንድ ቀን ካመለጠኝ ከዜሮ እጀምራለሁ።» እኔም ራሴ ተሸውጄባታለሁ። አንድ ዓመት ማታ ማታ ላነብ ወሰንኩ። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን እንቅልፍ ጣለኝ። በማግስቱ «ተበላሽቷል፣ በሚመጣው ዓመት» ብዬ ተውኩት። አሥር ወር እየቀረ! የላሊ ጥናት ደግሞ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን ግንባታ ያን ያህል እንደማይጎዳው ነው ያሳየው።

አሁን ሠልጣኞቼን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ሁለት ቀን አከታትላችሁ አትቅሩ። ይሄ ጥናት ያለው አይደለም፣ የእኔ ሕግ ነው።