የጥንት ሰዎች ከአፍሪካ መውጣትና በዓለም መሰራጨት

የጥንት ሰው ከአፍሪካ ወጥቶ ዓለምን መሙላቱ ብዙ ጊዜ «ስደት» ይባላል፤ ቃሉ ግን አይገጥምም። ስደተኛ የሚሸሸው ነገርና የሚያስበው አገር አለው። አዳኝና ለቃሚው ሰው ግን የሚያስበው ቀጣዩን ኩሬ ነበር። ውሃው ሲደርቅ ወደሚቀጥለው ወንዝ ያልፋል፤ አውሬው ሲርቅ ይከተላል፤ ልጆች ሲበዙ ከፊሉ ወገን ተገንጥሎ ሌላ ሰፈር ይይዛል። ሰፈሩን በዓመት 1 ኪሎ ሜትር የሚያራምድ ወገን በ15,000 ዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ አንዱ ሰው ግን በ40 ዓመት ዕድሜው 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የራቀው።

ቀድሞ የወጣው የእኛ ዝርያ አይደለም። በጆርጂያ ድማኒሲ የተገኙት የሆሞ ኢሬክተስ (ከእኛ የቀደመ የሰው ዝርያ) ቅሪቶች 1.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። የእኛው ዝርያ የሆሞ ሳፒየንስ ጥንታዊ ቅሪቶች የተገኙት በሞሮኮው ጀበል ኢርሁድ (300,000 ዓመት ገደማ)፣ በአፋሩ ሄርቶ (160,000 ገደማ) እና በኦሞ ኪቢሽ ነው። የኦሞው እ.ኤ.አ. በ2005 195,000 ዓመት ተብሎ ነበር። በቅሪት ውስጥ እየቀነሰ በሚሄደው ካርቦን 14 ዕድሜ መለካት ከ50,000 ዓመት ወዲያ ስለማያገለግል፣ እንዲህ ያለ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚለካው ከቅሪቱ በላይና በታች ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በ2022 ከላይ ያለው አመድ ከሻላ ፍንዳታ ጋር ተዛምዶ 233,000 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ከሥሩ የተቀበረው ሰው እንግዲህ ከዚያ አያንስም።

በሩ ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። በየ20,000 ዓመት ገደማ፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የምታርፈው ፀሐይ ስትበረታ ዝናቡ ወደ ሰሜን ይገፋል፤ ሰሐራና ዓረቢያም ሣርና ሐይቅ ይሆናሉ። ዝናቡ ሲያፈገፍግ የወጣው ወገን ተቆርጦ ይቀራል። ከ90,000 እስከ 120,000 ዓመት በፊት በእስራኤል ስኩልና ቃፍዜህ ዋሻዎች የኖሩት ሰዎች ዘራቸው ለዛሬው ሕዝብ የተረፈ አይመስልም። ዛሬ ከአፍሪካ ውጭ ያለው ሕዝብ የተገኘው በአብዛኛው ከኋለኛው፣ ከ50,000 እስከ 70,000 ዓመት በፊት ከወጣው ማዕበል ነው።

ያ ዘመን ደግሞ እርጥብ ብቻ አልነበረም፤ እዚህ ላይ በመተማ አቅራቢያ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘውና በ2024 ይፋ የሆነው ቦታ ብዙ ይናገራል። 74,000 ዓመት ገደማ በፊት በሱማትራ የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ እጅግ ደቃቅ ብናኝ ከአፈሩ ውስጥ ተለቅሟል። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ውስጥ ያለው የከባድና የቀላል ኦክስጅን ምጣኔ በዚያው ጊዜ ድርቅ እንደከፋ ያሳያል። ሰዎቹ ግን አልጠፉም። ወንዙ በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ ብቻ ሲቀር ዓሣው እዚያው ይታጎራል፣ በጥልቅ ውሃም አይሸሽም፤ ከገበታቸው የዓሣው ድርሻ ጨመረ። አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ወደ ሌላው ይዘልቃሉ፤ ወንዙ ራሱ መንገድ ይሆናል። ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎቻቸው የቀስት ፍላጻ ይመስላሉ። ለመውጣት የግድ ልምላሜ ያስፈልጋል የሚለውን አሮጌ ሐሳብ ይህ ቦታ ክፉኛ ያናጋዋል።

መውጫዎቹ ሁለት ናቸው፦ ሲናና በጅቡቲና በየመን መካከል ያለው የባሕር ሰርጥ ባብ ኤል መንደብ። በበረዶ ዘመን ጫፍ የባሕር ወለል 120 ሜትር ያህል ሲወርድ ዛሬ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ሰርጥ ጠበበ፤ ሆኖም ችግሩ ውሃው በሚጠብበት ጊዜ ማዶው ዓረቢያም የሚደርቅ መሆኑ ነው። ለዚህም ይመስላል ተመራማሪዎች በአንዱ መንገድ ያልተስማሙት።

ከዚያ ወዲያ የወጡት ሰዎች በዩሬዥያ (በአውሮፓና በእስያ) ከጠፉት የቅርብ ዘመዶቻችን ከኒያንደርታሎች ጋር ተዋልደዋል፤ ከአፍሪካ ውጭ ባለ ሰው ዘረመል ውስጥ 2 በመቶ ያህሉ ከእነሱ ነው። ከ45,000 ዓመት ገደማ በፊት ቡልጋሪያ ባቾ ኪሮ ዋሻ ደርሰዋል። ወደ አውስትራሊያ መድረስ ያለ ታንኳ ወይም ያለ ታንኳ መሰል ነገር አይቻልም ነበር፤ ባሕሩ በዝቅተኛው ጊዜም ክፍት ውሃ ይቀራል።

ሁሉም አልወጣም። በባሌ ተራሮች 3,469 ሜትር ላይ ባለው ፊንጫ ሀበራ፣ ከ31,000 እስከ 47,000 ዓመት በፊት ሰዎች ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ፣ ባልጩት ይፈልጡ ነበር። የተመለሰም አለ፦ በጋሞ ደጋ በሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመቱ ሰው ዘረመል ዛሬ በአፍሪካ ቀንድ ሕዝቦች ውስጥ የሚታየው የዩሬዥያ ድርሻ የለውም፤ ያ ድርሻ የገባው ከእሱ በኋላ ነው ማለት ነው። በ2015 የታተመው ጥናት ይህን ለመላው አፍሪካ አስፍቶት ነበር፤ የስሌት ፕሮግራሞቹ አለመጣጣም ያመጣው ስህተት ተገኝቶ በ2016 ታርሟል፤ የምሥራቅ አፍሪካው ውጤት ግን እንደቆመ ነው።