«ሆፕፉሊ» ሲባል ተስፋው የማን ነው?

ሰሞኑን ደጋግማችሁ የጠየቃችሁት የእንግሊዝኛው «ሆፕፉሊ» ሁለት ትርጉም አለው። ለመለየት «ተስፋው የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

«ሺ ዌይትድ ሆፕፉሊ» ሲባል ተስፋው የጠባቂዋ ነው። በር በሩን እያየች በተስፋ ጠበቀች ማለት ነው። የቆየው ትርጉም ይህ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1600ዎቹ ጀምሮ አለ።

«ሆፕፉሊ፣ ኢት ዊል ሬይን» ግን ሌላ ነው። ዝናብ መቼም ተስፋ አያደርግም! ተስፋው የተናጋሪው ነው፤ «ይዘንባል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» እንደማለት። ይህኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተስፋፋ፤ በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ነቀፋ ገጠመው። የአሜሪካው የዜና ወኪል አሶሺየትድ ፕሬስ በአጻጻፍ መመሪያው የተቀበለው በእ.ኤ.አ. 2012 ነው።

ዛሬ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እኔም ያለስጋት እጠቀምባቸዋለሁ። ጥብቅ አስተማሪ ግን ሁለተኛውን ሊያርም ይችላል። ለእሱ ስትጽፉ «አይ ሆፕ» በሉ።