ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ሲወጣ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው አንድ ቀን ከኮፈኑ ሥር ነጭ ነገር ሲትጎለጎል ማየቱ አይቀርም። ያኔ ደግሞ ያየው ሁሉ መካኒክ ነው። ከሚባለው ብዙው ስህተት ሲሆን፣ አንዳንዱ ገንዘብ ያስወጣል፣ አንዳንዱ ፊት ያቃጥላል።

«ክዳኑን ቶሎ ክፈትና ውሃ ጨምርበት!»

የከፋው ይሄ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ታፍኖ ነው የሚኖረው፤ ክዳኑ በብዙ መኪኖች ላይ ከ13 እስከ 16 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚሆን ግፊት ይይዛል። ግማሽ ውሃ ግማሽ ኩላንት (ሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የሆነ ድብልቅ እስከ 129 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሳይፈላ የሚቆየው በዚህ ግፊት ነው። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ባንዴ ይጠፋል፣ ያልፈላውም በቅጽበት ፈልቶ ይፈነዳባችኋል። ስለዚህ ሞተሩን አጥፉና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ካልቀዘቀዘ፣ ጫን ሲሉትም ከጠነከረ ገና ነው። በጋለ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ብረቱን ሊሰነጥቅ ስለሚችል መጣደፉ ምንም አይጠቅምም።

«ነጭ ጭስ ካየህ ቴስታታው አልቆለታል»

ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው። ስንቱ በዚህ ወሬ ተደናግጦ መኪናውን በርካሽ ሸጧል! በአሮጌ መኪና ላይ እንፋሎቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተሰነጠቀ ቱቦ፣ ከላላ የቱቦ ማሰሪያ፣ ላስቲኩ ከደረቀ ክዳን ወይም ካረጀ ራዲያተር ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ፈልጉ። ኩላንት ሲደርቅ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ዝገት የሚመስል ዱካ ይተዋል። የምትፈልጉት ዱካው ከላይ የጀመረበትን ቦታ ነው፤ ፈሳሹ ወደ ታች ስለሚወርድና ነፋሱም ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ መሬት ላይ የሚንጠባጠብበት ቦታ ብቻውን ያሳስታል። በውሃ ፓምፑ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ እየረጠበች ከሆነ ደግሞ ችግሩ ፓምፑ ነው።

የቴስታታ ጋስኬት (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ሲበላሽ ምልክቱ ሌላ ነው። ውጭ ምንም ሳይፈስ ኩላንቱ ይጎድላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነጭ ጭስ አይቆምም። መኪናው ገና ሳይሞቅ ቱቦዎቹ ይጠጥራሉ። በዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የሚመስል ነገር ማየት ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ጤነኛ መኪናም ያመጣዋል። ከጠረጠራችሁ በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ የጋዝ ምርመራ አለ፦ በመመርመሪያው ውስጥ ያለው ሰማያዊ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ከተለወጠ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ኩላንቱ እየገባ ነው። ይህን ሳይሞክር «ቴስታታው ይፈታ» የሚላችሁ መካኒክ ካለ፣ እኔ ብሆን ሌላ ጋ ነው የምሄደው።

«ነጭ ከሆነ እንፋሎት ነው»

አይደለም፤ እዚህ ላይ ከዓይን ይልቅ አፍንጫ ይሻላል። ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው ኩላንት ነው። የተቃጠለ ዘይት የሚሸት፣ ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ የሚያደላ ጭስ ብዙ ጊዜ ከቫልቭ ሽፋኑ ጋስኬት የሚያፈስ ዘይት በጋለው የጭስ ቱቦ ላይ ሲንጠባጠብ የሚመጣ ነው። ከዝናብ በኋላ ሽታ የሌለው ቀጭን እንፋሎት አይታችሁ ቶሎ ከጠፋና ኩላንቱም ካልጎደለ አትጨነቁ። ቤንዚን ወይም የሚቃጠል ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ግን ኮፈኑን ለመክፈት አትሞክሩ፤ ሰዎቹን አውርዳችሁ ራቁ።

«የሙቀት ጌጁ መሃል ላይ ነው፣ ሰላም ነው»

የሙቀት ሴንሰሩ በትክክል የሚለካው ፈሳሽ ውስጥ ሲሆን ነው። ኩላንቱ ካለቀ ባዶ አየር ላይ ይቀርና ሞተሩ እየነደደ መርፌው ዝቅ ሊል ይችላል። እንፋሎት እየወጣ ከሆነ መርፌው ያለውን ይበል፣ እናንተ ቁሙ።

ቴርሞስታቱን (ኩላንት ወደ ራዲያተሩ እንዲሄድ በሙቀት የሚከፈተውን በር) አውጥቶ መጣልም እንደ መፍትሔ ይወራል። በብዙ መኪኖች ላይ ቴርሞስታት ከ82 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፈታል። ከሌለ ሞተሩ ሳይሞቅ ብዙ ይቆያል፣ ነዳጅም ይበላል፤ የተደፈነው ራዲያተር ወይም የሚያፈሰው ቱቦ ደግሞ እዚያው አለ። ተዘግቶ ከቀረ በአዲስ ቀይሩት።

«ውሃ ብቻ ይበቃዋል» ለሚሉም፦ እስከ ጋራዥ ለመድረስ አዎ። ከዚያ በኋላ ግን ውስጡን ያዝገዋል፣ ከድብልቁም ቀድሞ ይፈላል።

ሰው የማያምነው ግን እውነት የሆነ አንድ ነገር አለ፦ መርፌው መውጣት ሲጀምር የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል፤ ላብ በላብ ትሆናላችሁ እንጂ ጥግ ይዛችሁ እስክትቆሙ ጊዜ ይሰጣችኋል። ማሞቂያው ተከፍቶ ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ግን ኩላንቱ ሳይጎድል አልቀረም፤ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ።