ፍሪላንስ ጸሐፊ፦ ትምህርቱና የአሠራር ስልቱ

ፍሪላንስ ጸሐፊ በአንድ ጋዜጣ ወይም አሳታሚ ቤት ሳይቀጠር ጽሑፉን ለተለያዩ አሳታሚዎች እያቀረበ የሚተዳደር ባለሙያ ነው። ስያሜው ቃል በቃል «ነጻ ጦር» ማለት ነው፤ በአማርኛ ጦር መሣሪያውም ሠራዊቱም በመሆኑ ፍቺው ለእኛ ቅርብ ነው። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ዋልተር ስኮት በ1819 መጨረሻ ለንባብ ባበቃው «አይቫንሆ» በተባለው ልቦለድ ለማንም ጌታ ያላደሩ ተዋጊዎችን ጠርቶበታል (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ቃሉ ከዚያ በፊትም ታትሟል የሚሉ አሉ።

ለሙያው የግድ የሚባል ዲግሪ የለም። ታላቁ ምሳሌ እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። በ1728 ኦክስፎርድ፣ ፔምብሮክ ኮሌጅ ገባ፤ ከ13 ወራት ገደማ በኋላ ገንዘብ አጥሮት አቋርጦ ወጣ። በ1737 ለንደን ደረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ለ«ጀንትልማንስ ማጋዚን» መጽሔት ይጽፍ ጀመር። የፓርላማን ክርክር ማተም ክልክል በነበረበት በዚያ ዘመን፣ አዳራሹን እምብዛም ሳይረግጥ፣ ሌሎች ካመጡለት ማስታወሻ ተነሥቶ የተናጋሪዎቹን ንግግር ይደርስ ነበር። ብዙ አንባቢ የእነሱው ቃል መሰለው፤ ኋላ ይህ ጆንሰንን እንደጸጸተው ይነገራል።

ከ1750 እስከ 1752 «ራምብለር» የተባለውን የመጣጥፍ ጽሑፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያወጣ ነበር፤ ከ208 እትሞች የሌሎች ብዕር ያረፈባቸው ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹን የጻፈው ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀው በጥድፊያ ነው። አስቀድሞ በልቡ ያበሰላቸው ይመስላል፤ እንዲያ ያለ ዓረፍተ ነገር በችኮላ ብቻ አይወጣም።

ያዘጋጀው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን ሌላ ትዕግሥት ጠየቀ። በ1746 ከመጻሕፍት ነጋዴዎች ጋር በ1,575 ፓውንድ ተዋዋለ። እያነበበ ለምሳሌ የሚሆነውን ዓረፍተ ነገር ያሰምርበታል፤ ረዳቶቹ በብጣሽ ወረቀት ይገለብጡታል። ሥራው በ1755 ከ40,000 በላይ ቃላት ይዞ ታተመ። ኦክስፎርድ የማስተርስ ማዕረግ የሰጠው መጽሐፉ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነበር። ትምህርቱን ያቋረጠው ሰው ስሙ በርዕስ ገጹ ላይ ከማዕረጉ ጋር ታተመ።

ሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼኾቭም በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና እየተማረ፣ ቤተሰቡን ለማስተዳደር ለአስቂኝ መጽሔቶች በመስመር ሒሳብ እየተከፈለው ይጽፍ ነበር፤ በ1884 ሐኪም ሆነ። መጽሔቶቹ የሚሰጡት ቦታ ጠባብ ነበርና ማሳጠርን እዚያ ተማረ።

ድርሰትን ራሱን በዲግሪ ማስተማር የመጣው ዘግይቶ ነው፦ የአሜሪካው አይዋ ዩኒቨርሲቲ በ1936፣ የእንግሊዙ ኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ በ1970 መርሐ ግብር ከፈቱ። በእነዚህ ተማሪው ረቂቁን ለባልንጀሮቹ አስነብቦ ትችታቸውን ይሰማል። ብቻውን ለሚሠራው ፍሪላንስ ጸሐፊ ይህን የሚተካለት ረቂቁን በጥንቃቄ የሚያነብ አርታኢ ነው።