ገላጋይ ዳኛ ለመሆን የግድ የሕግ ባለሙያ መሆን ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው ገላጋይ ዳኛን ከጠበቃ ወይም ከአገር ሽማግሌ ጋር ያምታታዋል። በቀደሙት ሕጎቻችን ውስጥ የሚገኘው «የዘመድ ዳኝነት» የሚለው ስያሜም ለዚህ ሳያግዝ አልቀረም፤ ዝምድናን የሚያመለክት ቢመስልም ትርጉሙ ተከራካሪዎች ራሳቸው በመረጡት ዳኛ መዳኘት ማለት ነው። አስታራቂ ተስማሙ ብሎ ያግባባል እንጂ አይፈርድም፤ ገላጋይ ዳኛ ግን ማስረጃ መርምሮ አስገዳጅ ውሳኔ ይሰጣል።

ይህን ሥራ ዛሬ የሚመራው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። ገላጋይ ዳኛ ሁሉ የግድ በሕግ የተመረቀ ወይም የጥብቅና ፈቃድ ያለው መሆን አይጠበቅበትም። ለምሳሌ ባለቤቱና ተቋራጩ የሕንፃው ምሰሶ ኮንክሪት ጥራቱን አልጠበቀም፣ ጠብቋል በሚል ቢካሰሱና ሦስት ዳኞች ቢሰየሙ፣ አንዱ የቤተ ሙከራ ውጤት ማንበብ የሚችል መሐንዲስ፣ ሰብሳቢው ደግሞ ለረጅም ዓመታት በፍርድ ቤት ያገለገለ የቀድሞ ዳኛ ሊሆኑ ይችላሉ። በእኔ እምነት ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ሕግ አዋቂ ቢሆን ይመረጣል፤ በሥነ ሥርዓት ጉድለት የተበላሸ ውሳኔ በፍርድ ቤት ሊሻር ይችላልና።

ከሙያው ይልቅ ሕጉ አጥብቆ የሚጠይቀው ገለልተኝነትን ነው። ተከራካሪው የመረጠው ዳኛ የመራጩ ጠበቃ አይደለም፤ ቀድሞ ለአንደኛው ወገን በአማካሪነት ሠርቶ ከነበረ፣ ሹመቱን ከመቀበሉ በፊት ይህንኑ ለሁለቱም ማሳወቅ አለበት።