«መሃል» ማለት ከምን አንጻር?

በኢንክስኬፕ ወይም በኢለስትሬተር (የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራሞች ናቸው) አንድ ቅርጽ መርጠው መሃል እንዲሆን ሲያዙት ንቅንቅ አልል አለ? ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ማመሳከሪያው የተመረጠው ቅርጽ ራሱ ከሆነ፣ ከራሱ አንጻር ድሮም መሃል ላይ ነው። ማመሳከሪያውን ወደ ገጹ ወይም ወደ አርትቦርዱ (በኢለስትሬተር ንድፉ የሚሠራበት ገጽ) ይቀይሩት።

ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ሦስት ማዕዘን ነው። ክብ ውስጥ የማጫወቻ ምልክት ሲያስገቡ ፕሮግራሙ የሚለካው ዙሪያውን የከበበውን አራት ማዕዘን ሳጥን ነው። ዓይን ግን ክብደትን ያያል፤ ምልክቱ ወደ መሠረቱ ያጋደለ ይመስላል። የሦስት ማዕዘን የክብደት ማዕከል ከመሠረቱ 1/3 ርቀት ላይ ነዋ! ከመሠረቱ እስከ ጫፉ 90 ፒክስል ከሆነ፣ የሳጥኑ መሃል ከመሠረቱ 45፣ የክብደት ማዕከሉ ደግሞ 30 ፒክስል ላይ ነው፤ ስለዚህ ወደ ጫፉ አቅጣጫ 15 ፒክስል ያህል ይግፉት። ጋይዱ (የማሰለፊያ መስመሩ) እየሳበ ካስቸገረዎት ስናፑን (ቅርጹን ወደ መስመሩ የሚያጣብቀውን አሠራር) ለጊዜው ያጥፉት።