ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ

ድመታችን ትናንት ማታ የጥብስ ትራፊዋን በልታ፣ ወተቷን ልሳ፣ ምድጃው ጥግ ተጠቅልላ ተኝታ ነበር። ኮርኒሱ ላይ ኮሽ ሲል ግን ጆሮዋ ከእሷ ቀድሞ ነቃ። ጠዋት በሩ ላይ የሞተች አይጥ አገኘን። አንገቷ ላይ ከመነከሷ በቀር አልተበላችም። እናቴ አየችና "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ" አለች።

ትርጉሙ የታወቀ ነው፦ ሰው ልብሱን ወይ ማዕረጉን ቢቀይር የቆየ ጠባዩ አይለቀውም። ተረቱም አጭር ነው። ድመት መነኮስኩ፣ ከእንግዲህ ሥጋ አልነካም ትላለች፤ አይጦች አምነው ሲጠጉ ቀጨም!

እኔን የያዘኝ አንዷ ቃል ናት። "ረሃቧን" አይልም፣ "አመሏን" ነው የሚለው። አባባሉን ያወጡት ሰዎች ድመትን በደንብ አይተዋታል። እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ድመቶች የሚወዱትን ምግብ እየበሉ ሳለ አይጥ ሲለቀቅላቸው ገበታቸውን ትተው ሄደው ገደሉ፣ ከዚያ ተመልሰው መብላታቸውን ቀጠሉ። ማደንና መራብ ውስጧ ለየብቻ ናቸው ማለት ነው። ደግሞስ አይጥ የድመትን ሆድ ጠብቃ አትወጣም፣ ሙከራው ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፣ ሲርባት ብቻ የምትነሳ ድመት ደክማ ትቀር ነበር።

ጅብም እንዲሁ ነው። ሃንስ ክሩክ የተባለው ተመራማሪ እንደመዘገበው ታንዛኒያ ባለው የሴሬንጌቲ ሜዳ ውስጥ 19 ጅቦች 82 ሚዳቋዎች ገድለው ጥቂቱን ብቻ በሉ። በጨለማና በዝናብ ሚዳቋዎቹ መሸሽ አቅቷቸው ነበር። አደኑ የሚቆመው ያደኑት ሲያመልጡ ነው፣ እነሱ ግን አላመለጡም።

ሰው ላይ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። በድሮ ጊዜ አንበሳ የገደለ ጎፈሩን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ይፎክር ነበር፣ ሥጋውን ግን ማንም አልበላለትም። ግዳይ የጣለው ለክብር ነው። ክብሩን የሰጠው ደግሞ እልል ያለለት መንደር ነው፣ እልልታው ሲቀር ጎፈሩም ቀረ። ለዚህ ነው መጠጥ ትቶ አንድ ቀን የተሳሳተን ሰው በዚህ አባባል ሲመቱት የሚከፋኝ። ድመቷ አመሏን ይዛ ተወልዳለች፣ እሱ ግን ከሰው የለመደው ነው።

ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት። አይጧን በአመድ ሸፍና ወሰደቻት፣ ተመልሳም ለድመቷ ወተት ቀዳችላት።